ቀድሞ ሰላም ያለ

ሪያድ፣ ጥቅምት 8 ቀን 2017 ዓ.ም

ለልጄ ልጅ፣ ለመምህርት ሂዳያ

አሰላሙ ዓለይኪ ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ። ተማሪ ሳያስቆጣሽ፣ ጠመኔ ሳያስልሽ፣ የሐይቅ ብርድ ሳይነካሽ እንዴት ሰነበትሽ? እኔ አልሐምዱሊላህ ደኅና ነኝ። የጎደሉኝ የናንተ ድምፅና ሁለቱ ዓይኖቼ ብቻ ናቸው።

ይህን የምጽፍልሽ በወፍራም ጥቁር ማርከር ነው። አንዱ ፊደል የጣት ያህል ካልሆነ አላየውም። አጎትሽ ሃምዛ በስልኩ ፎቶ አንስቶ ይልክልሻል፤ ያንቺንም እሱ ያነብልኛል። ስለዚህ እሱን የምናማ ከሆነ ሌላ መንገድ ፈልጊ።

ሪያድን አየኋት ብል ውሸት ነው። ሰው ሕልም እንደሚያይ ነው የማያት። በመስኮቱ ሳይ ረጃጅሞቹ ፎቆች በነጭ ሻሽ ተሸፋፍነው የቆሙ ሙሽሮች ይመስሉኛል። አቧራው፣ መብራቱ፣ መኪናው አንድ ላይ ይቀላቀልና ጠዋት ሐይቃችን ላይ የሚተኛውን ጉም ይሆንብኛል። አንዳንዴ ከዚያ ውስጥ ጀልባ ይመጣል ብዬ እጠብቃለሁ። የሚመጣው የውኃ ቦቴ ነው።

ባለፈው ሃምዛ ዓይን ሐኪም ቤት ወሰደኝ። ተቀምጠን ሳለ አንዲት ነርስ በር ላይ ቆማ «ሚስተር እንድሪስ! ሚስተር እንድሪስ!» ትላለች። እንድሪስ አያቴ ነው። የሞተው የኔ ጢም ሳይበቅል ነው። እሱም እዚህ ይታከማል እንዴ ብዬ ዞር ዞር ብዬ ፈለግሁት። ሃምዛ በክርኑ ነካ አደረገኝና «አባባ፣ አንቱን እኮ ነው» አለኝ። ለካ እነዚህ ሰዎች የሚጠሩት ከስም ሁሉ መጨረሻ ያለውን ነው። ነርሷ ልትመረምረኝ ስትገባ አያቴን ወክዬ ተመረመርኩ። ሁለቱም ዓይኔ ሞራ ለብሷል አለች። የአያቴ ዓይን ግን እስኪሞት ድረስ የጭልፊት ነበር።

ወደ ጉዳዬ ልግባ። እንግሊዝኛ ልማር ነው። አትሳቂ፤ ከዚህ ይሰማኛል።

ምክንያቱን ታውቂዋለሽ፤ ግን አንዴ ላማርር። ያ ጎረቤቴ ሙሀባው የመንገድ ሠሪ ፈረንጆች ዘበኛ ሳለ የለቀማትን «ጉድ ሞርኒንግ» ይዞ ዕድሜ ልኩን አቃጠለኝ። ቀድሞ ሰላም ያለ የዕለቱ አሸናፊ ነው ብለን የተስማማነው ሁለታችንም ሚስት ሳናገባ ነው። ዓይኔ ደኅና ሳለ አንድ ቀን እሱ፣ አንድ ቀን እኔ ስንል ኖርን። ሞራው ከመጣ ወዲህ ግን ከአጥር ማዶ ሲመጣ አላየውም። ኮቴውን አጥፍቶ ይጠጋና ጆሮዬ ሥር «ጉድ ሞርኒንግ!» ይላል። ለመግሪብ ሰላት ስወጣም «ጉድ ሞርኒንግ!» ነው። ፀሐይ ጠልቃ፣ ዶሮ ተኝታ «ጉድ ሞርኒንግ!»

እንግዲህ ሃምዛ ለጤናዬ የመጣሁ መስሎታል። እኔ የመጣሁት ሙሀባውን ከሩቅ ለማየት ነው። ከቤቱ ሲወጣ አየዋለሁ፣ በትክክለኛው ሰዓት፣ በትክክለኛው እንግሊዝኛ ቀድሜ ሰላም እለዋለሁ። አፉን ከፍቶ ሲቀር ያን ፊቱን ማየት አለብኝ።

ለዚህ ሁለት ነገር ንገሪኝ። በእንግሊዝኛ አንተን፣ አንቺን፣ አንቱንና እናንተን ምን ምን ይሏቸዋል? ሃምዛ «ሁሉም ዩ ነው» አለኝ፤ አላመንኩትም። ደግሞ እንግሊዝ «እኔ» ብሎ ሲጽፍ ራሱን ብቻ በትልቅ ፊደል ይጽፋል የሚሉት እውነት ነው? እውነት ከሆነ ከሙሀባው የባሰ ሰው አለ ማለት ነው።

ለሙሀባው እንዳትነግሪ።

አያትሽ ዓሊዬ


ሐይቅ፣ ጥቅምት 19 ቀን 2017 ዓ.ም

ለምወድዎትና ለማከብርዎት አያቴ

ወዓለይኩም ሰላም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ። አላህ ዓይንዎን አብርቶ፣ ጉልበትዎን አጽንቶ፣ ምላስዎን ደግሞ ትንሽ አለስልሶ ይመልስልን። እኛ ሁላችንም ደኅና ነን።

አባባ፣ አጎቴ ሃምዛ እውነቱን ነው። ሁሉም «ዩ» ነው። ለንጉሥም ዩ፣ ለድመትም ዩ፤ አንድም ይሁን መቶ ዩ። ድሮ ለልጅና ለቅርብ ሰው የሚሉት ሌላ ቃል ነበራቸው። እሱን ትተው ሁሉን ሰው በአክብሮቱ መጥራት ለመዱ። ስለዚህ እርስዎ እንደሚያስቡት ሁሉም አንተ የሚባባሉ አይደሉም፤ እንዲያውም ሁሉም አንቱ ሲባባሉ ነው የሚውሉት።

«አይ» በትልቅ ፊደል መጻፉም እውነት ነው፤ ግን ኩራት አይደለም። ቀጭን ፊደል ብቻዋን ስትቆም በጽሑፉ መሐል እንዳትጠፋ ብለው ነው ይባላል። ለተማሪዎቼ ስነግራቸው «ቲቸር፣ ከሲታ ስለሆነች አዝነውላት ነው?» አሉኝ።

ለነርሷም እንዲህ ይበሏት፦ እኛ አገር የቤተሰብ ስም የለም፤ የራስ፣ የአባትና የአያት ነው። በትሕትና «ሚስተር ዓሊዬ በሉኝ» ቢሉ ማንም አይቆጣዎትም።

ለጋሽ ሙሀባው አልነገርኩም። ግን እርስዎ የጻፉት ፊደል ትልቅ ስለሆነ ስልኬን ይዤ ሳነብ ከአጥሩ ማዶ ሆነው አነበቡት። ይህንን ላኪልኝ ብለው ቃል በቃል አስጻፉኝ፦ «ለዚያ ሽማግሌ። ዓይንህ ሲበራ መጀመሪያ የምታየው የኔን መልክ ነው። ቀንተህ መልሰህ እንዳትታወር። እንግሊዝኛ በዚህ ዕድሜ አይገባህም፤ አማርኛውንም በቅጡ አልጨረስከው። ደግሞ ከሄድክ ወዲህ ጠዋት ጠዋት አጥርህን ሰላም እላለሁ፤ ካንተ ይሻላል፣ አያኮርፍም። ጉድ ሞርኒንግ።»

ሲያስጽፉኝ አመሻሽ ነበር አባባ፤ ለማታ የሚባለው «ጉድ ኢቭኒንግ» ነው።

የልጅ ልጅዎ ሂዳያ


ሪያድ፣ ኅዳር 4 ቀን 2017 ዓ.ም

ለሂዳያ

አሰላሙ ዓለይኪ። ጤናሽ እንደ ምላሽሽ ይርዘም። የሙሀባውን ስድብ ሃምዛ ሦስቴ አነበበልኝ። ሦስተኛውን እኔ ነኝ ያዘዝኩት። አጥሬን ሰላም ይላል? አጥሬ መልስ እንዳልሰጠው ንገሪው። የኔ ወገን ነው።

አሁን ስለ ዓይኔ። ሐኪሙ ግብፃዊ ነው፤ ሲናገር የሚዘፍን ይመስላል። በመጀመሪያ ቀኙን፣ እሱ ሲድን ግራውን እከፍታለሁ ብሏል። ግራው የባሰበት ነው። ነገር ግን አንድ ነገር ደጋግሞ አስጠነቀቀን። የደም ግፊቴ ከፍ ካለ እሱ ዓይኔን አይነካም። ከነካም በኋላ ማልቀስ፣ መቆጣት፣ ማጎንበስ ክልክል ነው። ሰላትም ወንበር ላይ ተቀምጬ ነው። ዚያራ የሚሉት የጠያቂ ፈቃዴ ደግሞ በጥር መጨረሻ ያበቃል፤ እስከዚያ ካልተሠራ እንደ መጣሁ ወደ ጉሜ እመለሳለሁ። ሃምዛ ሱለይ ሰፈር ከሚሠራበት የማቀዝቀዣ መጋዘን እየደወለ ሰው ሁሉ ስለ አገር ቤት ክፉ ወሬ እንዳያወራኝ ያዛል። ክፉ ወሬ ካጣሁ ደግሞ ምን ልስማ?

መንፉሐ የምትኖረው የኛው አገር ልጅ አዛለች ጠየቀችኝ። ከኮረዳነቷ ጀምሮ እዚህ ሰው ቤት ስትሠራ ኖራ ፀጉሯ ሸብቷል አሉ፤ እኔ አላየሁትም። ሳቋ ግን ያው ነው፣ ከሷ ቀድሞ በር ይገባል።

ትምህርቴን ቀጥያለሁ። የሃምዛ አለቃ በላከው መልእክት ውስጥ ስለ አንድ ሰው ሲያወራ «እነሱ» ብሎ ጽፏል። ሃምዛ «ወንድ ይሁን ሴት ካላወቁ እንደዚያ ይላሉ» አለኝ። ይህማ ለኛ ምን አዲስ ነገር አለው? እኛ አንዱን ሽማግሌ «እሳቸው» እያልን ብዙ ሰው ስናደርገው አይደል የኖርነው! ይህ ትምህርት ወዲያው ገባኝ።

ያልገባኝ ሌላ ነው። «እኔና ሙሀባው» ለማለት ስፈልግ ሃምዛ «በእንግሊዝኛ ሙሀባው ይቀድማል፤ ራስን መጨረሻ ማድረግ ነው ጨዋነቱ» አለኝ። እንግሊዝም ከሱ ጋር መከረብኝ? ሌላ መንገድ ካለ ፈልጊልኝ። ደግሞ በደብዳቤ «ዲር» ተብሎ ስሙ ከተጻፈ በኋላ ምን ዓይነት ምልክት ነው የሚቀመጠው? አንድ አጭር ደብዳቤ ልጽፍለት ነው፤ በምልክት እንዲስቅብኝ አልፈልግም።

ለሙሀባው፦ መልክህን ለማየት ዓይን አያስፈልግም፤ ሽታህ ይበቃል በይልኝ።

አያትሽ ሚስተር ዓሊዬ


ሐይቅ፣ ኅዳር 30 ቀን 2017 ዓ.ም

አጎቴ ሃምዛ፣ ይህን የመጀመሪያውን ገጽ ለብቻህ አንብበው። ለአባባ የሚነበበው ቀጥሎ ያለው ነው።

ጋሽ ሙሀባው ዐረፉ። ብርድ መታኝ ብለው ተኙ፣ ሳል ሆነ፣ ደሴ ለመውሰድ መኪና ሲፈለግ አመለጡን። የአባባ የመጨረሻ ስድብ ደርሷቸዋል። እያሳላቸው በጣም ሳቁ፤ መልሱን ነገ አስጽፍሻለሁ ብለውኝ ነበር።

ቀብራቸው ላይ የኛም የነሱም ሰፈር ሰው ሁሉ ወጣ። እትዬ እቴነሽ ከባላቸው አስከሬን አጠገብ ሆነው እኔን አስጠሩኝ። «ለዓሊዬ እንዳትነግሩት። ዓይኑ ሳይድን እንባ አይንካው። ደግሞ መርዶ በስልክ አይነገርም። ሲመጣ ሰው ሰብስበን፣ ጎሕ ሲቀድ ቤቱ ሄደን እናረዳዋለን» አሉኝ። ሽማግሌዎቹም በዚህ ተስማሙ። ስለዚህ አንተም አደራ። ፊትህን ተጠንቀቅ፤ አባባ ሳያዩም ያያሉ። ከሞላ ጎደል አንድ ወር ያልጻፍኩት ምን እንደምጽፍ ጠፍቶኝ ነው።

ለማከብርዎት አያቴ

ወዓለይኩም ሰላም። አላህ ቀኝ ዓይንዎን በሰላም ይግለጥልዎ፤ የሐኪሙንም እጅ ይባርክ። የዘገየሁት የፈተና ወረቀት ስለ በዛብኝ ነው፤ ይቅርታ ያድርጉልኝ።

ከ«ዲር» እና ከስሙ በኋላ የሚቀመጠው ነጠላ ሰረዝ ነው። «እኔ» መጨረሻ ላይ መሆኑ ግን የልማድ ትሕትና ነው፤ ሌላ መንገድ አላገኘሁልዎትም።

እኛ ደኅና ነን። ጋሽ ሙሀባውም «ለጤናዎት ይጠንቀቁ፣ እግዚአብሔር ይማርዎት» ብለዋል።

የልጅ ልጅዎ ሂዳያ


ሪያድ፣ ታኅሣሥ 10 ቀን 2017 ዓ.ም

ለዓይኔ ብርሃን ለሂዳያ

አሰላሙ ዓለይኪ ወረሕመቱላህ። ይህን ደብዳቤ በቀጭን እስክሪብቶ ነው የጻፍኩት። አየሽ?

ዓይኔ ተገለጠ! ፋሻውን ሲያነሱልኝ መጀመሪያ ያየሁት የግብፃዊውን አፍንጫ ነው። ማሻአላህ፣ ለሁለት ሰው ይበቃል። ቀጥሎ ሰማያዊ መጣ። ሂዳያ፣ ሰማያዊ የሚባል ቀለም እንዳለ ረስቼው ነበር። ለካ ይሄን ሁሉ ዓመት ዓለም ሻይ ውስጥ ተነክራ ነው ስትታየኝ የኖረችው። ከሐኪም ቤቱ በር ላይ ሰማዩን እያየሁ ቆሜ ቀረሁ። ሃምዛ «ያላ አባባ፣ መኪናው መንገድ ዘግቷል» ይለኛል፤ እኔ ሐይቃችንን ማን ገልብጦ እዚያ ላይ ሰቀለው እያልኩ ነው። ፎቆቹም ሙሽሮች አይደሉም። ሻሻቸውን አውልቀዋል፤ ብረትና መስታወት ናቸው። ትንሽ ቅር አለኝ።

የሃምዛ ጠጉር ሸብቷል። ማንም አልነገረኝም።

ዲራ ገበያ ወሰደኝ። ምስማክ ከሚሉት የጭቃ ምሽግ ጀርባ ሽማግሌዎች ሽቶና መቁጠሪያ ይሸጣሉ። እዚያ ከአንድ የመናዊ ለሙሀባው የእጅ ሰዓት ገዛሁለት። ጧቱን ከማታው እንዲለይበት ነው። ቁጥሩ ትላልቅ ነው፤ አላየሁም የሚል ምክንያት እንዳያመጣ።

አሁን አንድ የሚያስቅ ነገር። አዛለች ስድስት የአገር ልጆች አስከትላ ከመንፉሐ መጣች። ሳቋን በር ላይ ትታው ገባች። ሁሉም ግድግዳ ግድግዳውን ይዘው፣ አንገታቸውን ደፍተው ተቀመጡ። «ለአንድ ዓይን ይሄ ሁሉ ሰው? ሁለተኛው ሲሠራ አውቶቡስ ልትከራዩ ነው?» አልኳቸው። ማንም አልሳቀም። ሊወጡ ሲሉ አዛለች እጄን በሁለት እጇ ይዛ «እግዜር ያጥናዎት» አለችኝ። ሃምዛ የሚጠጣው ሻይ ትን አለው። «ለዓይንዎ ማለቷ ነው» አለ እየሳለ። አዛለችም «አዎ፣ ለዓይንዎ፣ ለዓይንዎ» ብላ ጫማዋን አቀያይራ ተጫምታ ወጣች።

እስኪ ንገሪኝ፤ እንግሊዞች ለታመመም ለሐዘንተኛም የሚሉት አንድ ዓይነት ነው? እዚህ ያሉት የኛ ልጆች ብዙ ዘመን ስለ ቆዩ ተደባልቆባቸው ይሆናል።

ሙሀባው አንቱ አለኝ አይደል? ሃምዛ ሲያነብልኝ ሌላ ሰው መስሎኝ ነበር። በይ እንግዲህ ይህን መልእክት አድርሺልኝ፦ ሙሀባው፣ ተሸንፌያለሁ። ቀድሞ ሰላም የማለቱን ነገር ለዘላለሙ ትቼልሃለሁ። አንተ ጎበዝ ነህ።

ምን እንዳለ ቃል በቃል ጻፊልኝ።

አያትሽ ዓሊዬ


ሐይቅ፣ ታኅሣሥ 24 ቀን 2017 ዓ.ም

ለማከብርዎት አያቴ

ወዓለይኩም ሰላም። ቀጭኑን ጽሕፈትዎን አይቼ እልል አልኩ። አላህ ግራውንም እንደ ቀኙ ያድርገው፤ በደኅና ይመልስዎት።

እንግሊዞች ለታመመ ቶሎ ይሻልህ ይላሉ። ለሐዘንተኛ ደግሞ ስላጣኸው ሰው አዝናለሁ ይላሉ፤ እንደኛ «ያጽናህ፣ ያጥናህ» የሚሉት ብዙ የላቸውም። እትዬ አዛለች ግን ለዓይንዎ ብለው ነው። እዚያ አገር ብዙ ስለ ቆዩ ነው።

መልእክትዎን ለጋሽ ሙሀባው አድርሻለሁ። በጣም ደስ አላቸው። «እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ እሱም ጎበዝ ነው» ብለዋል።

ሐይቅ ዛሬ በጣም ቀዝቅዟል። ጉሙ እስከ ረፋድ አልተነሣም።

የልጅ ልጅዎ ሂዳያ


ሪያድ፣ ጥር 5 ቀን 2017 ዓ.ም

ለሂዳያ

አሰላሙ ዓለይኪ የኔ ልጅ። አላህ ሸክምሽን ያቅልልሽ። የሙሀባው መልስ ደርሶኛል፤ በራሴ ዓይን አነበብኩት። ቃል በቃል ስለ ጻፍሽልኝ አላህ ይስጥሽ። ከእንግዲህ መልእክት ይዘሽ በኔና በሱ መሐል እየተመላለስሽ አትድከሚ። የቀረውን እኔው ስመጣ ፊት ለፊት እንነጋገራለን። ሰዓቱንም እስክሰጠው እኔ እጅ ላይ ይቆይ ብዬ አድርጌዋለሁ።

ይህ ቤት በጣም ጨዋ ሆኗል። ሃምዛ ስልክ ሲመጣለት ሰገነት ላይ ወጥቶ ነው የሚያነሳው። ምራቴ ሽንኩርት የምትከትፈው በር ዘግታ ነው፤ እንባ እንዳይመጣብኝ። እኔም እነሱን ላለማስጨነቅ ቀልድ እፈጥራለሁ። ትናንት ለግብፃዊው «ግራ ዓይኔን ስትሠራ አፍንጫህን አሳንሰህ አሳየኝ» ብዬው ሳቀ። ግፊቴን ለካው፤ ጥሩ ነው። በሚመጣው ሳምንት ይሠራልኛል ኢንሻአላህ።

ሕልም አየሁ። ሐይቃችን እዚህ መጥቷል። የሪያድ ፎቆች ውኃው መሐል እስከ ጉልበታቸው ቆመዋል፤ እንደ ሸንበቆ ይወዛወዛሉ። በመሐላቸው አንዲት ጀልባ ቀስ እያለች ትሄዳለች። የሚቀዝፈው ሰው ጀርባውን ሰጥቶኛል። ጀርባውን ግን አውቀዋለሁ፤ አንደኛው ትከሻ ዝቅ ይላል። አየሽ፣ ቀድሜ አየሁት፤ በሕልሜ ዓይኔ ደኅና ነው። ሰላም ልበለው ብዬ አፌን ከፈትኩና መልሼ ገጠምኩት። ገና ነው አልኩ። ጀልባዋ በሁለት ፎቆች መሐል ገብታ ሄደች። ውኃው ግን ለረጅም ጊዜ ይንቀሳቀስ ነበር። ስነቃ ደስ ብሎኛል፤ ለምን እንደሆነ አላውቅም።

አንድ ጥያቄ ቀርቶኛል። በእንግሊዝኛ «እኛ» ሲሉ እዚያ የሌለ ሰው ይገባበታል? ቃሉ ይፈቅዳል?

አያትሽ ዓሊዬ


ሐይቅ፣ ጥር 9 ቀን 2017 ዓ.ም

አባባ

ሰላምታዬ ይድረስዎት። ከዓይንዎ ሥራ በፊት እንዲደርስ ብዬ ቶሎ ጻፍኩ።

ይገባበታል። «ዊ» ውስጥ እነማን እንዳሉ ቃሉ አይናገርም። የሚያውቀው ተናጋሪው ብቻ ነው። እሱ ካስገባው ማንም ማስወጣት አይችልም።

ሲመጡ ብዙ የምነግርዎ አለ። በጽሑፍ አይሆንልኝም። ዱዓ እያደረግሁ ነው፤ እትዬ እቴነሽም በቤተ ክርስቲያናቸው እየጸለዩልዎ ነው።

ሂዳያ


ሐይቅ፣ የካቲት 9 ቀን 2017 ዓ.ም

ለልጄ ለሃምዛ

አሰላሙ ዓለይኩም አንተም፣ ምራቴም፤ የደከማችሁልኝን አላህ በልጅና በጤና ይክፈላችሁ። በሰላም ገብቻለሁ። ሁለቱም ዓይኖቼ አብረውኝ ገብተዋል። አሁን ከናንተ የራቅሁ እኔ ነኝ፤ ስለዚህ ሰላምታውን የምጀምረው እኔ ነኝ።

ምራቴን ከእንግዲህ በር ከፍታ ሽንኩርት ትክተፍ በላት።

አዛለች «እግዜር ያጥናዎት» ስትለኝ ልቤ አንድ ነገር አለኝ፤ ግን አላመንኩትም። ሙሀባው ተሸንፌያለሁ ስለው «እግዚአብሔር ይስጥልኝ» ብሏል ሲባል፣ ኸላስ፣ ያኔ አለቀ። ያ ሰው በሕይወት ቢኖር ያን ወሬ ሰምቶ ጣራ ላይ ወጥቶ እንቢልታ ባስነፋ ነበር! ከዚያ ወዲህ አንተ ከኔ ስትደብቅ፣ እኔ ካንተ ስደብቅ፣ አንድ ሶፋ ላይ ተቀምጠን ከረምን። እንባዬን ቀጠሮ ሰጠሁት። ግራ ዓይኔ ሲድን ና፣ አሁን ሰው እየሠራ ነው አልኩት። ያ ግብፃዊ ግፊቴን ሊለካ ክንዴን ሲያስር ዓይኔን ጨፍኜ ሙሀባው የፈረንጆቹ ዘበኛ ሳለ በገዛ ፊሽካው ደንግጦ ጉድጓድ የገባበትን ቀን አስባለሁ። ግፊቴ ይወርዳል። «ሐጂ፣ ምን ዓይነት መድኃኒት ነው የሚወስዱት?» ይለኛል። ምን ልበለው?

ለምን አልጠየቅኸኝም ትለኝ ይሆናል። መርዶ ያረዱታል እንጂ ሰው ራሱ አይጠይቀውም። ሂዳያ አሁን እንደ ነገረችኝ እቴነሽ ባሏን ሳትቀብር ለኔ ዓይን አስባ ነገሩን ይዛዋለች። እሷ የያዘችውን እኔ በስልክ ልቀማት?

የደረስኩ ዕለት ሁሉም ሲስቁልኝ ዋሉ። አበሉኝ፣ አጠጡኝ። እኔም «ሙሀባው የት አለ?» አላልኩም፣ እነሱም አላነሱትም። ሲመሽ ልብሴን ሳላወልቅ ጋደም አልኩ።

ጎሕ ሲቀድ የእግር ድምፅ ሰማሁ። ብዙ እግር ነው፤ ቀስ እያለ፣ አጥሩ ጋ ቆም እያለ ይመጣል። ሳያንኳኩ ተነሥቼ በሩን ከፈትኩት። ጉም ነበር። ግን አየኋቸው ሃምዛ፤ በጉሙ ውስጥ አንድ በአንድ ለየኋቸው። ከፊት እቴነሽ ጥቁር ለብሳ፣ ከጎኗ የሁለቱም ሰፈር ሽማግሌዎች፣ ከኋላ ሂዳያ ሻርፗን አፏ ላይ ይዛ። አንዱ ሽማግሌ ጉሮሮውን ጠረገ። አፉን ሳይከፍት ቀደምኩት።

«ጉድ ሞርኒንግ!» አልኳቸው።

እቴነሽ ሳቀች፤ እየሳቀች ነው እንባዋ የወረደው። «አንተ ክፉ ሽማግሌ፣ ማን ነገረህ?» አለችኝ።

«ማንም አልነገረኝም። እናንተ ንገሩኝ» አልኩ።

እንደ ወጉ ነገሩኝ። ያን ጊዜ የቀጠርኩት እንባ ሁሉ መጣ። አንዱም አልቀረም።

ከሰዓት በኋላ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ሄድኩ። እጄን የያዘኝ ሰው የለም። ድንጋዩን ድንጋይ፣ ሥሩን ሥር ብዬ እያየሁ ሄድኩ። መቃብሩ ከዛፍ ሥር ነው፤ ቁልቁል ሐይቁ ይታያል። አጠገቡ ቆምኩና ዝም አልኩ። ብዙ ቆየሁ። ለካ ሂዳያ በሩቁ ተከትላኝ ኖሮ ጠጋ አለችና «አባባ፣ ለምን ዝም አሉ?» አለችኝ።

«እየጠበቅሁት ነው። ትቼልሃለሁ ብዬዋለሁ እኮ፤ ይቅደመኝ» አልኳት።

እሷም አጠገቤ ቆማ ጠበቀች። ዓሣ አስጋሪዎቹ ጀልባቸውን ወደ ዳር አወጡ። ወፎቹ ዛፉ ላይ ገብተው ተንጫጩና ጸጥ አሉ። ውኃው መጀመሪያ ቀላ፣ ከዚያ ያ የረሳሁት ሰማያዊ ሆነ፣ ከዚያ ጠቆረ። ከዲራ የገዛሁለትን ሰዓት አየሁ። ትልልቅ ቁጥር ነው፣ ምንም ምክንያት አይሰጥም፤ አሥራ ሁለት አልፏል። ለዚህ ሰዓት የሚባለውን ሂዳያ በሚገባ አስተምራኛለች፤ አውቀዋለሁ።

«ጉድ ሞርኒንግ፣ ሙሀባው» አልኩት።

ከዚያ ወደ ቤት ገባን።

አባትህ ዓሊዬ